በጭረቷ ውስጥ የደረቀው ሙጫ

መርማሪዋ ወደ ቤተ ሙከራው ስትገባ አስከሬኑ አንሶላ ለብሶ ከአየር ግፊት ታንኩ ፊት ተጋድሞ ነበር። ሴትየዋን የገደላት ተሰብሮ የፈነዳው የታንኩ ወፍራም የመስታወት መስኮት ነው። ሟቿ ስንጥቅ በጠጣር ነገር ውስጥ እንዴት በፍጥነት እንደሚሮጥ በኮምፒውተር የምታሰላ ተመራማሪ ስትሆን፣ የዛሬው ሙከራ ስሌቷን በእውነተኛ መስታወት ላይ የሚፈትሽ ነበር።

ባሏ የታንኩ ቴክኒሺያን ነው። ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል።

«የገደልኳት እኔ ነኝ» አላት መርማሪዋን። «የአየር ቫልቩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

«ግፊቱን እስከ ስንት አደረስከው?»

«እስከ አርባ። አርባ ላይ ምንም አይሆንም፤ ለዚያ ነው ሙከራውን የሚቀርጸውን ካሜራ ልታስተካክል የቀረበችው። ግን የግፊት መለኪያው ጌጅ ተሰባብሯል፣ ማን ያምነኛል? እኔም ራሴን መጠራጠር ጀምሬያለሁ።»

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ቢሯቸው ውስጥ ሽበታቸውን እያሻሹ አነጋገሯት።

«ሰማንያ ሳያደርሰው አይቀርም» አሉ። «ጠዋት ሲጣደፍ ነበር። ጥፍር የማታክል ጭረት ብቻዋን ያን የሚያህል መስታወት አትሰብርም።»

መርማሪዋ ቃላቸውን መዝግባ ወጣች።

ስባሪዎቹ ሦስት ትልልቅ ቁራጮች ብቻ ነበሩ። ስንጥቆቹን ወደ ኋላ ስትከተላቸው ሁሉም የሚነሱት ከታችኛው የግራ ጥግ ነው። እዚያ፣ የጎማ ማሸጊያው ሸፍኗት የነበረች ጭረት አገኘች። ውስጧ ሙጫ ገብቶ ደርቋል።

ከሟቿ ጋር ትሠራ የነበረችው ታናሽ እህቷ ኮምፒውተሩ ፊት ነበረች።

«እህቴ፣ ይህችን ጭረት ለኮምፒውተሩ ብትሰጪው አሰባበሩን ያሳየናል?» አለቻት መርማሪዋ።

«ያሳያል። መስታወቱን ሚሊዮን ቦታ ይከፋፍለውና የትኛው ከየትኛው እንደሚላቀቅ በየቅጽበቱ ያሰላል።» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እታለም እንዲህ ነበር የምታስረዳኝ።»

ከቀትር በኋላ መርማሪዋ ባልየውን፣ ኃላፊውንና እህትየዋን ስክሪኑ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ስሌቱ እንደሚያሳየው፣ በሰማንያ ግፊት ስንጥቁ ሲሮጥ ቅርንጫፍ ያበዛል፤ መስታወቱም ሠላሳ አርባ ቦታ ይበታተናል። በአርባ፣ ያውም ጭረቷ ካለች፣ ሦስት ቦታ ይከፈላል። ያገኘነው ሦስት ነው። ወንድሜ፣ ከልክ አላሳለፍክም።»

ባልየው ቀና አላለም።

«ሙጫው ጭረቷ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ጭረቷ ጎማው ከመለጠፉ በፊት ነበረች፤ የለጠፈው ሰውም አይቷታል።» ወደ ኃላፊው ዞረች። «ስለ ጭረት ለማንም ሳልናገር እርስዎ ነገሩኝ፤ መጠኗን ሳይቀር።»

ኃላፊው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«ትናንት መስታወቱን ስገጥም መፍቻው አመለጠኝና ጫረው» አሉ በመጨረሻ። «ሌላ መስታወት እስኪመጣ ሁለት ወር ነው። ሙከራው ዛሬ ካልተካሄደ ቤተ ሙከራው ይዘጋል፤ ሁላችሁም መበተናችሁ ነው። መስታወቱ ይችላል ብዬ ጭረቷን ሸፈንኳት። እሷን እኮ እንደ ልጄ ነበር የማያት።»

«ከዚያ ባሏ ላይ ጣሉት።»

ፖሊሶች ገብተው ይዘዋቸው ሲወጡ ኃላፊው ማንንም ቀና ብለው አላዩም።

ባልየው ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ቀረ።

«መስታወቱ ለመሰበር ስንት ጊዜ ወሰደበት?» ሲል የሚስቱን እህት ጠየቃት።

«ጋሼ፣ ይቅርብህ።»

«ንገሪኝ።»

«የሰከንድ አንድ ሺኛ እንኳ አይሞላም።»

«ታዲያ አላወቀችም?»

«አላወቀችም።»

«እያየችኝ ነበር» አለ። «ካሜራው ተስተካክሏል ልትለኝ ፊቷን ወደ እኔ መልሳ ነበር።»

እህትየዋ ስክሪኑን አጠፋችና ወለሉ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች።