ሁለት ሰው ብቻ የሚያውቀው ቃል

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ ሆሳዕና ኬሚስትሪ የማስተምር ሰው ነኝ፣ «ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ» በሚለኝ ሁሉ ላይ «እስቲ መጀመሪያ እንቅልፍህን ጨርስ» ብዬ የማሾፍ ነኝ። ስለዚህ ይህን የምነግራችሁ ወሬ አምሮኝ አይደለም፣ እመኑኝ፣ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ ከእናቴ ይጀምራል። በእኛ በከምባታ ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም፣ ስማቸው በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ሌላ ቃልም ከአፏ አይወጣም፣ ባሊሻ ይባላል፣ እናቴ በዚህ ምክንያት ስንቱን ነገር በሌላ ስም ስትጠራ ነው ያደግነው። እኔና ታናሽ ወንድሜ ማርቆስ ታዲያ «እሷ ቃል ከቀየረች እኛ ምን ያንሰናል?» አልንና ከዱራሜ ወጣ ብሎ ባለው ቤታችን ጓሮ፣ እንሰቱ ውስጥ ተደብቀን የራሳችንን ቋንቋ ፈጠርን። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ትናንትና ነገ ያለው፣ ስድብ ያለው፣ ጸሎት ሳይቀር የሚጸለይበት ቋንቋ ነበር፣ በዓለም ላይ የሚናገረው ግን ሁለት ሰው ብቻ። ድብብቆሽ ስንጫወት ፈላጊው ከሰለቸ፣ የተደበቀው የእንሰት ግንድ ሦስት ጊዜ ይመታና «ዶምቢላ» ይላል፣ «አለሁ፣ ተስፋ አትቁረጥ» ማለት ነው። ፈላጊው «ሚሾ» ብሎ ይመልሳል፣ «እየፈለግኩህ ነው»። ሚሾ ካልተባለ የተደበቀው አይወጣም፣ ሕጋችን ነው።

ማርቆስ እንደ ብዙው የአገራችን ልጅ ደቡብ አፍሪካ ብሎ በየብስ ወጣ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፁ ጠፋ። በመጨረሻ አብሮት የተነሣ ልጅ «መንገድ ላይ ቀርቷል አሉ» የሚል ወሬ ላከ፣ በዓይኑ ያየ የለም፣ «አሉ» ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ሎምቤ፣ ሬሳ ባይኖርም ልጁ ሳይለቀስለት መቅረት የለበትም ብለው ለቅዳሜ የእድሩን ድንኳን አዘዙ። እናቴ አልተቃወመችም፣ እሺም አላለችም።

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ጥርት ብላ፣ ድንኳኑ ሲመጣ ላለማየት ወደ ጓሮ ገባሁ፣ እናቴ ከቤቱ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። መጀመሪያ አንድ የእንሰት ቅጠል ተወዛወዘ፣ ንፋስ የሚባል የለም፣ የጎረቤት ጥጃ መስሎኝ «ሂድ!» አልኩ። ቀጥሎ ድም፣ ድም፣ ድም። «አይ አንቺ ሴትዮ፣ ሐዘን ነው» አልኩ ለራሴ። ከዚያ ጎርነን ባለ፣ ጉንፋን የያዘው በሚመስል የወንድ ድምፅ፣ እጄን ብዘረጋ በምደርስበት ቦታ፣ «ዶምቢላ»።

ቅጠሉን ገለጥኩ፣ ማንም የለም። አፈሩ ለስላሳ ነው፣ የዶሮ እግር እንኳ የሚታይበት፣ ከእኔ ጫማ በቀር ዱካ የለበትም። አፌ ተሳሰረ፣ ሚሾ ማለት አቃተኝ፣ ክፍል ውስጥ ማንም የማያስቆመኝ እኔ!

«ማን ነው እዚያ?» አለች እናቴ። እሷም ሰምታለች። ወጥቼ ፊቷ ቆምኩ።

«የእሱ ድምፅ ነው» አለች። «ምን አለሽ?»

ልነግራት ስል እጇን አነሣች። «ቃሉን ተዪው፣ እሱ የእናንተ ነው፣ እኔም አርባ ዓመት አፌ ላይ ያላኖርኩት ቃል አለኝ። አለ ነው ወይስ የለም፣ እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

«አለ ነው፣ እማዬ።»

ተነሣች። ጋሽ ሎምቤ ከድንኳኑ ጋር ግቢ ሲገቡ መሐል መንገድ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። «ድንኳኑን ይመልሱልኝ» አለቻቸው።

«ሰው ተጠርቷል እኮ! ምን ልንላቸው ነው?»

«የተጠራው ሰው በልቶ ይሂድ። በሕይወት ላለ ልጅ አላለቅስም።»

ጋሽ ሎምቤ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ የተማርሽ አይደለሽ እንዴ? ንገሪያት እንጂ!» እኔ ሄጄ እናቴ አጠገብ ቆምኩ፣ ድንኳኑ ሳይተከል ተመለሰ።

ይኸው ስምንት ወር ሆነ፣ አንድ ስልክ አልተደወለም። አንዳንዴ ያስፈራኛል፣ ተሳስቼ ከሆነ እናቴን እንባዋን የከለከልኳት እኔ ነኝ። ግን ደግሞ እናቴ መብላት ጀምራለች፣ ቤተ ክርስቲያንም እየዘመረች ነው የምትሄደው፣ ይህንን እንዴት ልጥላው? ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ እመጣና ጓሮ ገብቼ ያን ቀን ያልመለስኩትን ሚሾ ጮክ ብዬ እመልሳለሁ፣ ጎረቤት ድመት የጠፋችብኝ ሳይመስለው አይቀርም።

ባለፈው ቅዳሜ ግን አፌን ሳልከፍት ድም፣ ድም፣ ድም አለ። ዛሬም አፌ እንዳይተሳሰር ብዬ አየር ስስብ ከበስተኋላዬ አንድ ሰው ቀደመኝ።

«ሚሾ!»

እናቴ ነበረች፣ መቀነቷን አጥብቃ። ያስተማራት የለም፣ ከእኔ ጩኸት ለቅማው ነው። ከእንሰቱ ውስጥ የወጣ የለም፣ ቅጠሉ ግን ይወዛወዝ ነበር፣ እጄን ይዛ አብረን ቆመን ጠበቅነው።