የተቀደደው ጓንት

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው... እኔ ግን በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር። የቫይረስ ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ እኔና ጋሼ ብቻ ነን። ጋሼ የምንላቸው ሥራውን ያስተማሩኝን አንጋፋ ቴክኒሻን ነው።

በሩ ላይ የአደጋ ምልክት ተለጥፏል። እዚህ ያለው ነገር ሰው ይይዛል ማለት ነው። ያን ቀን በእጃችን የነበረው ደግሞ መድኃኒት ያልተገኘለት ቫይረስ ያለበት ደም ነው።

ደንባችን ቀላል ነው። ጓንት ከመጣሉ በፊት ውሃ ይሞላል። ካንጠባጠበ ተቀዷል ማለት ነው... ባለቤቱም ሃያ አንድ ቀን ከሰው ተለይቶ ይቀመጣል።

እኔ ቸኩያለሁ። የአራት ወር ልጄ ቤት ትጠብቀኛለች፤ ጡቴ ወተት ሞልቶ ያመኛል። ጓንቴን ውሃ ሳልሞላ ክዳን ያለው የቆሻሻ ባልዲ ውስጥ ጣልኩት።

ጋሼ አይተውኛል።

ለትንሽ ጥፋት ቀኑን ሙሉ የሚነዘንዙኝ ሰው... ዝም።

የራሳቸውንም ሳይፈትሹ ጣሉት። ከዚያ ራቅ ብለው ቆሙ። እስክሪብቶ ሳቀብላቸው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

በመርፌ ተወግተው ደብቀውኛል፣ አልኩ በሆዴ።

"ጋሼ... እጅዎን ያሳዩኝ።"

"ምንም የለም፣ ልጄ።"

"ታዲያ ለምን ይሸሹኛል?"

 ወጥተው በሩን ከውጭ ቆለፉት።

ደሜ ፈላ። አዲስ ጓንት አጥልቄ ባልዲውን ከፈትኩ። የሳቸውን ትልልቅ ጓንቶች የእጅ መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ ውሃ ሞላኋቸው። ጠብ የሚል ነገር የለም።

የራሴን ሞላሁ።

የግራው አውራ ጣት... ጠብ... ጠብ...

ጋሼ በበሩ መስታወት ያዩኛል። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"ስታወልቂው ተቀዶ አየሁት" አሉ በድምፅ ማጉያው፣ በሹክሹክታ። "አለቃን ጠርቻለሁ። ልጄ... ሕፃኗ ጋ አትሂጂ።"

 ሃያ አንድ ቀን... ማን ሊያጠባት ነው?

አዲሱን ጓንት አውልቄ አውራ ጣቴን በመስታወቱ አሳየኋቸው።

"ጭረት እንኳን የለውም እኮ፣ ጋሼ።"

እሳቸው ግን ጣቴን አያዩም። ከኋላዬ ነው የሚያዩት።

"ባልዲውን... ዝጊው።"

ዞርኩ።

ባልዲው ጠዋት ባዶ ነበር። ሁለታችን የጣልነው አራት ጓንት ነው፤ አራቱም ገንዳው ውስጥ ናቸው። አሁን ያወለቅኩት በእጄ ነው።

ባልዲው ውስጥ ግን አንድ ጓንት ነበር። በእኔ ልክ። ጣቶቹ እጅ እንዳለበት ሁሉ ተነፍተው ቆመዋል።

እያየኋቸው... የማይታይ እጅ እየወጣባቸው ይመስል... አንድ በአንድ... ቀስ ብለው ሟሸሹ።