ንስሐውን በሰው የላከው ወንድይፍራው

ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩን ማነው ክፍት የተወው? ዝጉት። ግን እወቁት፣ ይህ የማወራላችሁ ነገር የሆነው በጨለማ አይደለም፤ በጠራራ ፀሐይ ነው። ጋኔን ማታ ማታ ብቻ ይወጣል ያላችሁ ማነው? ቀትርን ረሳችሁት? ወፍ ጭጭ የሚልበት፣ ከብቱ ጥላ ሥር የሚገባበት፣ መንገድ ላይ ሰው የማይታይበት ሰዓት እኮ ነው።

በድሮ ዘመን፣ በአንድ መንደር፣ ወንድይፍራው የሚባል ባለርስት ነበር። መቼም ጾመኛ ነው። ረቡዕ ይጾማል፣ ሐሙስ መጾሙን ያወራል። ዓርብ ይጾማል፣ ቅዳሜ መጾሙን ያወራል። የቤተ ክርስቲያን ደጅ ይስማል፤ ሰው ካላየው ተመልሶ ይስማል።

ይህ ሰውዬ አንድ ቀን ማር ሊቆርጥ ወጣና ንቡን ያጨሰበትን እሳት ሳያጠፋ ሄደ። እሳቱ የመንደሩን የእህል ክምር በላው። ማነው ያቃጠለው ተብሎ ሸንጎ ሲቀመጥ፣ ወንድይፍራው መስቀል ጨብጦ ማለ። ቢያድግልኝ ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ አለ። ቢያድግልኝ ጎረቤቱ ነው፣ ምስኪን ገበሬ። ማን ይመነው? ከነሚስቱ ከነልጁ አባረሩት። ቆላ ወረደ። እዚያ ወባ ልጁን ገደለችበት።

ሰማችሁ? ልጅ ሞተ። ወንድይፍራው ግን ጾሙን ይጾማል።

ከዚያ በኋላ መከራ መጣበት። ማሳውን በረዶ መታው፣ ሚስቱ አልጋ ያዘች፣ እንቅልፍ እምቢ አለው። ምን ቢል ጥሩ ነው? እግዜርን ምን በድዬው ነው እያለ ላገኘው ሁሉ ያማርር ጀመር። በመጨረሻ ሲጨንቀው ለንስሐ አባቱ ለመምሬ ጥሩነህ የሐሰት መሐላውን ተናዘዘ፤ ከእግዜር ታርቄ መቁረብ እፈልጋለሁ አላቸው። እሳቸውም ስግደት አላዘዙ፣ ጾም አልጨመሩ። እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ በአንገትህ ተሸክመህ ቆላ ውረድ፣ ቢያድግልኝ እግር ላይ ውደቅ፣ እሱ ድንጋዩን በእጁ ካወረደልህ ያኔ ና፣ አቆርብሃለሁ አሉት።

የሁለት ቀን መንገድ ነው። ሁለት ቀን ብቻ!

ወንድይፍራው ግን አፈረ። በሐሰት ሲምል ያላፈረ ሰው ይቅር በለኝ ለማለት አፈረ። ጭሰኛውን ጀምበሬን ጠራና፣ ድንጋዩን እሱ አንገት ላይ ጭኖ፣ በእኔ ፈንታ ታርቀህ ና ብሎ ላከው። ድንጋዩን ራሱ ነው የመረጠው፤ ትልቅ ይሁን፣ ንስሐዬ እንዳይናቅብኝ አለ። ትሕትናውን አያችሁልኝ? እሱ ራሱ ግን ቆላ ወርዷል እንዲባል ጓዳው ውስጥ ተደበቀ።

ሁለት ሳምንት ሆነ። ጀምበሬ አልተመለሰም። ወንድይፍራው መታገሥ አቃተው። ነገ እሑድ ነው፣ ታርቄ መጣሁ ብዬ ለመምሬ ልንገራቸውና ልቁረብ አለ። ቅዳሜ በቀትር ነጭ ኩታውን አጣፍቶ ብቻውን ወጣ።

መንገዱ ጭር ብሏል። መጀመሪያ የሰማው ትንፋሽ ነው። ከባድ ነገር የተሸከመ ሰው ትንፋሽ። ዞር አለ፣ ማንም የለም። ሄደ፣ ትንፋሹም ሄደ። ቆመ፣ ትንፋሹም ቆመ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እሱ አቡነ ዘበሰማያት ጀመረ፤ በደላችንን ይቅር በለን የሚለው ጋ ሲደርስ ጠፋበት። ቀና ሲል ከፊቱ የጎበጠ ጀርባ አየ። አንገቱ ላይ ድንጋይ አለ። ደረሰበት። ጀምበሬ ነው። ደስ አለው፣ ሞኙ። በዚያ ሁሉ አቧራ የሰውዬው እግር አቧራ እንዳልነካው ልብ አላለም።

"ታረቅህልኝ?" አለው።

"ታረቅሁ" አለ ጀምበሬ። "ሲያባርሩህ እኔም ዝም ብዬ አይቻለሁ አልኩት። አቅፎኝ አለቀሰ፣ ይቅር አለኝ።"

"የእኔንስ?"

"ያንተን፣ ባለቤቱ ይምጣ አለ።"

"ታዲያ ይህ ድንጋይ ምንድነው?"

"ከእኔ ላይ አውርዶልኛል። ያንተ ስለሆነ ነው ያመጣሁልህ።"

በሁለት እጁ አነሳና ወንድይፍራው አንገት ላይ አስቀመጠው። ወንድይፍራው ጎበጠ። ቀና ልበል ቢል አቃተው። ጀምበሬ የለም፣ መንገዱ ባዶ ነው። እየተንገዳገደ መንደር ገብቶ አውርዱልኝ እያለ ጮኸ። አንገቱን ዳበሱት። ምኑን እናውርድልህ፣ ምንም የለም አሉት። በዚያው ዕለት ከቆላ መልእክተኛ መጣ፤ ጀምበሬ ቢያድግልኝ ቤት በወባ ሞቶ ከቀበርነው ዘጠኝ ቀኑ ነው አለ።

መምሬ ጥሩነህ ገባቸው። ድንጋዩን የሚያወርዱት እጆች ቆላ ናቸው፣ ቢያድግልኝ በሕይወት አለ፣ አሁንም ተነሥና ሂድ አሉት። ሄደ መሰላችሁ? እንዲህ ጎብጬ ሰው ይየኝ እንዴ አለ። እና እንደ ጎበጠ ሰባት ዓመት ኖረ፣ በየገበያው፣ በየለቅሶው፣ አንድ ቀን ሰማይ ሳያይ። ቢያድግልኝ ደግሞ ማታ ማታ በር ላይ ተቀምጦ የደጋውን መንገድ ያይ ነበር። ይህን ሳወራ እኔ እናደዳለሁ። ይቅር ሊለው የተዘጋጀ ሰው ሰባት ዓመት ጠበቀው!

ሌላው ተረት ነጋሪ ብቻህን አትሂድ ይላችኋል። እኔ ግን ይህን መንገድ ብቻህን ሂድ እላለሁ፤ ሰው አትላክ። ምክንያቱም ወንድይፍራው ሞቶ ሲገንዙት አንገቱ ቀጥ አለ። እንግዲህ ድንጋዩ የት ሄደ?

አንተ፣ እዚያ ምሰሶው ሥር ያለኸው። ወንድምህን ካነጋገርከው ስንት ጊዜህ ነው?

አንገትህን ለምንድነው የምታሸው?