ክዳን ያጣው በርሜል

ሚጢጢ በርሜሉ ላይ አጎንብሳ ውሃው ውስጥ የሚርመሰመሱትን ስታይ ልቧ ቅቤ ጠጣ። ከውሃው ገጽ ሥር እንደ ክር ቁራጭ ጋደም ያሉ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ ጥላዋ ሲያርፍባቸው እየተስፈነጠሩ ይሸሻሉ። የወባ ትንኝ እጮች መሆናቸውን አላጣችውም፤ ሳይንስ አስተማሪያቸው ሥዕላቸውን ሰሌዳ ላይ ያሣሉት እሷን ነበር። ትምህርት ቤቱ ጓሮ ያለው ይህ በርሜል ደግሞ የአክስቷ ልጅ የፕሮፌሰር ነው።

ፕሮፌሰር ክፍል ውስጥ የወጣላት ቅጽል ስም ነው። አባቷ የሚያርሰው መሬት ድርቅ በላይ በላዩ ሲደራረብበት፣ ትምህርቷ እንዳይቋረጥ ብላ እነ ሚጢጢ ቤት ከመጣች ዓመት አልሞላትም። አስተማሪዎቹ ወደዷት፣ ልጆቹም ወደዷት። ያ እንኳ ባልከፋ፤ የሚጢጢ እናት ሳትቀር «እስቲ ከእህትሽ ተማሪ» ማለት አመጣች። ሚጢጢ ይህችን ቃል በሰማች ቁጥር አንጀቷ ያርራል። ሚጢጢ የሚለው ስም ከሕፃንነቷ የቀረ ነው እንጂ አሁን በቁመት እናቷን በልጣለች፤ ቅናቷም አብሮ አድጓል።

የዘንድሮው ጣጣ የመጣው በአፈር ውድድር ነው። የግብርና ክበቡ ለእያንዳንዱ አባል ትምህርት ቤቱ ጓሮ አንዳንድ መደብ ከነማጠጫ በርሜሉ ሰጠ። ዝናቡ ጊዜውን ስለሳተ የሚዳኘው የማን አፈር እርጥበት ይዞ ይቆያል በሚለው ነበር። ሚጢጢ መደቧን በየማለዳው እንደ ግቢ ጠረገችው፤ አንዲት ደረቅ ቅጠል አላስቀረችም። ያየው ሁሉ ንጽሕናዋን አደነቀ፤ አፈሩ ግን ፀሐይ ሲመታው ሸክላ ሆኖ ቁጭ አለ። ፕሮፌሰር ደግሞ ያንኑ ጥራጊ እየለቀመች የራሷን መደብ አለበሰችበት። ቅጠሉን ሲገልጡት ከሥሩ ያለው አፈር ጥቁርና እርጥብ ነው። ሚጢጢን ከሁሉ ያበገናት በገዛ ጥራጊዋ መበለጧ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በፊት ታዲያ አንድ ነገር አደረገች። በርሜሉን የሚሸፍነው አሮጌ መጋረጃ የሚጢጢ ነበር፤ እናቷ ሳትጠይቃት ነው ለፕሮፌሰር የሰጠችው። የራሴ ነው ብላ ገፍፋ ወሰደችና ክፍሏ መስኮት ላይ መልሳ ሰቀለችው። ፕሮፌሰር ምንም ሳትል በርሜሉ ላይ ጣውላ ጣል አደረገችበት። ጣውላው ግን ግማሹን እንኳ አይሸፍንም። ውሃ የምትቀዳውም ሲመሻሽ ስለሆነ ውስጡን አላየችም።

ነገ ከዳኞቹ ጋር አንዲት የጤና ባለሙያ በርሜሎቹን ልታይ ትመጣለች። ድሮ ወባ የቆላ በሽታ ነበር፣ ከተማቸውን ብርዱ ይጠብቃት ነበር። ሌሊቱ እየሞቀ ከመጣ ወዲህ ግን ትንኟ ሽቅብ ወጥታለች። ስለዚህ እጭ የተገኘበት ተማሪ ከውድድር ይሰረዛል ተብሏል። ሚጢጢ ባታሸንፍም ፕሮፌሰር አታሸንፍም፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃል። ዝም ማለት ደግሞ ምን ይከብዳል?

ልትሄድ ስትል ውሃው ላይ የተንሳፈፉ ባዶ ቅርፊቶች አየች። ባዶ ቅርፊት ማለት የበረረ ትንኝ ማለት ነው። ቀና ስትል የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ከበርሜሉ አጠገብ ባለችው ጎጇቸው በር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ወባ ጥሏቸው ሰንብቶ መድኃኒቱን ገና አልጨረሱም።

«ሰሞኑን ትንኙ አላስተኛ አለን» አሏት። «እኔስ አንዴ ታምሜያለሁ፤ የምፈራው ለልጅቷ ነው።»

ልጅቷ የሚያሳድጓት የልጅ ልጃቸው ናት። እሳቸውን የነከሰች ትንኝ ወባውን ይዛ ትንሿን እንደምትነክስ ሚጢጢ ታውቃለች። ቅቤ የጠጣው ልቧ ድንጋይ የዋጠ ያህል ከበዳት። ፕሮፌሰር ጆግ ይዛ ስትመጣም ጠርታ እጮቹን አሳየቻት።

«መጋረጃውን ያነሳሁት እኔ ነኝ» አለች።

«አውቃለሁ፤ መስኮትሽ ላይ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለእማዬ ለምን አልነገርሻትም?»

«አንቺ ከእናትሽ ብትጣዪ ማታ ትታረቂያለሽ» አለች ፕሮፌሰር ዓይኗን ከውሃው ሳትነቅል። «እኔ ብጣላ የት እሄዳለሁ?»

ሁሉን ያገኘች መስሏት የቀናችባት ልጅ ስለ አንድ መጋረጃ እንኳ አፍ አውጥታ መናገር ፈርታ ኖሯል። ሚጢጢ አፈረች። ቅናቱ ግን ወዲያው ብን ብሎ አልጠፋም፤ ከኀፍረቱ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጠባት።

በርሜሉን ተጋግዘው ደረቅ መሬት ላይ ገለበጡት። አሁን ሁለቱም ዝም ቢሉ ማንም አያውቅም። ፕሮፌሰር ግን ትንኞች መብረራቸው መነገር አለበት፣ የዘበኛው ጎጆ ዛሬውኑ መድኃኒት ይረጭ፣ አለች። በርሜሉ የእሷ ስለሆነ የምትናገረውም እሷ ናት። ብትሰረዝም ትሰረዝ።

ወደ መምህራን ክፍል ሲሄዱ ሚጢጢ ወደ ኋላ ቀረት አለች። መጋረጃውን እሷ እንዳነሳች ከተናገረች ክበቡ ይቅርና ወሬው እናቷ ጆሮ መድረሱ አይቀርም። «ከእህትሽ ተማሪ» የምትለዋ ቃልም ከዚያ ወዲያ ማቆሚያ አይኖራትም። ያቺን ቃል ዕድሜ ልኳን ስትሰማ ታያት።

ፕሮፌሰር በሩ ጋ ደርሳ ልታንኳኳ እጇን አነሳች። ሚጢጢ ሮጣ ቀደመቻትና አንኳኳች።