ጫጫታ የምትበላው ሳጥን

ዮኤል የተገኘው ከየቡ በላይ ባለው ኮረብታ፣ ራሱ ካቆመው የብረት ምሰሶ ሥር ሞቶ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ከኋላው በድንጋይ ተመቷል። ምሰሶው ጫፍ ላይ የሰቀላት ትንሽ ሳጥን፣ የገበሬዎች ማኅበር የቆረጠውን የቡና ዋጋ ከየቡ ተቀብላ አወቱ መንደራ ላለው የጅማ ቢሮ የምታሻግር የሬዲዮ ቅብብል ነበረች። ጊዜው ጥቅምት 2006፣ የለቀማ ወራት ነው።

ኢንስፔክተር ፈድሊያ በማግስቱ ቅዳሜ ስትደርስ ሳጅን ፈይሳ ገዳዩ ነው ያለውን ገበሬ፣ ቲጃኒን፣ ይዞ ጠበቃት። ኮረብታው የቲጃኒ የቡና ማሳ ነው። ዮኤል ለሬዲዮው መንገድ የጥላውን ዛፍ ቅርንጫፍ ልቁረጥ ቢለው ገጀራ እንዳነሳበት አገር ያውቃል። ከሰዓት በኋላ ወደ ጅማ ወህኒ ሊወሰድ ነው፤ ሚስቱ ለጢፋ ከጣቢያው በር አልነሳም ብላለች። ፈድሊያ ነገሩ አልጣማትም። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የሚባለው ከፖሊስ በላይ የሚመለከተው የለም ባይ ናት።

«ኦቦ ቲጃኒ፣ ቅርንጫፉ ተቆርጧል» አለችው።

«ራሴ ነኝ የቆረጥኩት። ነጋዴው ዋጋችንን ቀድሞ እየሰማ ሲያራቁተን መላ የፈለገልን ይህ ልጅ ነው። ወላሂ፣ ትናንት ወደ ጁምዓ ልወርድ ስል ቆረጥኩለትና በሰላም ተለያየን።»

«ማን አየ?»

«እሱና አላህ።»

በሰላት ጊዜ ቲጃኒ ፊተኛው ረድፍ ላይ እንደነበር መስጊዱ ሁሉ ይመሰክራል። ያስያዘው የዶክተር ሀብተጊዮርጊስ ቃል ነው። ዶክተሩ የሬዲዮው ሥራ ኃላፊ ሲሆን የጅማውን መቀበያ የሚይዘው እሱ ብቻ ነው።

«ከሰላት በኋላ ዮኤል በሬዲዮ ጠራኝ» አለ ጅማ ቢሮው ድረስ ሄዳ ስታገኘው። «‹ቅርንጫፉን ስለቆረጥኩ ቲጃኒ ተቆጥቶ እየመጣ ነው› ብሎኝ ተቋረጠ።»

«በሳጥኗ በኩል?»

«በሌላ በምን ይመጣል?»

«ድምፁ ተቀድቷል?»

«መብራት አልነበረም።»

ጅማ ውስጥ ይህ መልስ ላልተፈጨ እህልም፣ ላልተጻፈ ደብዳቤም፣ ለቀረ ቀጠሮም ያገለግላል፤ ደግሞ የሚጠይቅ የለም። ፈድሊያ ግን ደግማ ጠየቀች። ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም ተባለች። ከማለዳ እስከ ማታ መብራት የሚባል ነገር አላየንም፣ በባትሪ የምትሠራ የእጅ ሬዲዮ ብቻ ነበረችኝ፣ ካላመኑ ሰፈሩን ይጠይቁ አላት። ጠየቀች። እውነቱን ነበር።

በየቡ ዋጋውን የምትልከው የዮኤል ባልደረባ ሰሎሜ ዓይኗ አብጧል። ፈድሊያ ሳጥኗ በምን እንደምትሠራ ጠየቀቻት።

«የፀሐይ ሰሌዳ ሰቅለንላት ነበር፣ ተሰረቀ። ስለዚህ ዮኤል ከአየር እንድትበላ አደረጋት። የጅማው ማሽን ሳያቋርጥ ጫጫታ ይልክላታል፤ ኃይሏ ከዚያ ነው። የእኛ መልእክት ከጫጫታው ጋር ተደባልቆ ስለሚወጣ መንገድ ላይ ጆሮውን የሚጥል ሰው ጉርምርምታ ብቻ ይሰማል። ጅማ ግን የላከውን ጫጫታ ስለሚያውቀው ቀንሶ ቃሉን ያገኛል።»

«ታዲያ ነጋዴው እንዴት ሰማ?»

«ዮኤልም ሲብሰለሰል የነበረው በዚሁ ነው። ‹የሚያፈሰው አየሩ አይደለም› ብሎኝ ወጣ። ስልኩን እንኳ እኔ ጋ ትቶት ነው የሄደው።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በማኅበሩ መጋዘን በቡና ጆንያዎች መካከል ተሰበሰቡ። ቲጃኒ እጁ በካቴና ታስሯል።

«ሰሎሜ፣ ጅማ መብራት ሲጠፋ ጫጫታው ምን ይሆናል?» አለች ፈድሊያ።

«ይቆማል።»

«ሳጥኗስ?»

የሰሎሜ ዓይን ወደ ዶክተሩ ሄደ፤ ፊቷ ላይ ሐዘኑ ወደ ፍርሃት ተለወጠ።

«ትሞታለች» አለች።

«እንግዲህ ትናንት ቀኑን ሙሉ ሞታ ነበር። ከሰላት በኋላ የተላከ መልእክት የለም።»

«ምናልባት ለአፍታ መብራት መጥቶ እንደሆነ…» አለ ዶክተሩ።

«ሰፈሩን ይጠይቁ ብለውኝ ጠይቄያለሁ።» ድምፅዋን አላነሳችም። «በዚህ ባልተላከ መልእክት ውስጥ ግን አንድ እውነት አለ፤ ቅርንጫፉ። የተቆረጠው ለጁምዓ ሲወረድ ነው፤ ሰሎሜ ቁርጡን ያየችው አስከሬኑ ሲገኝ ነው፤ ለጅማ የነገረ የለም። ሳጥኗ ሞታለች፣ የሟቹ ስልክ እዚህ ነው። ጅማ የተቀመጠ ሰው በምን ሰማ?»

ፈድሊያ ወደ ዶክተሩ ዞረች።

«ጫጫታውን ቀንሶ ዋጋውን የሚያገኘው እርስዎ ብቻ ነዎት። ለነጋዴው ያቀብሉ የነበሩትም እርስዎ ነዎት፤ ዮኤል ደረሰብዎ። መንደሩ መስጊድ ሲገባ ኮረብታው ላይ ወጥተው መቱት። ከዚያ አዲሱን ቁርጥ ሲያዩ ዮኤል የቆረጠው መሰለዎት። ቲጃኒ በሰላት ሰዓት ምስክር ስላለው ሟቹን ከሰላት በኋላ አናገሩት፤ ሳጥኗ ያለ መብራት እንደማትበላ ግን ረሱ።»

ዶክተሩ ዓይኑን ከጆንያዎቹ አላነሳም። «ያን ዛፍ ማንንም አያስነካም ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ቁርጡን ሳይ ራሱ ቲጃኒ ይሆናል ብዬ እንዴት…»

ምን እንደተናገረ የገባው ፈይሳ ክንዱን ሲይዘው ነው።

ካቴናው ከቲጃኒ እጅ ወደ ዶክተሩ ተላለፈ። ለጢፋ የባሏን አንጓ ይዛ አለቀሰች፤ እሱ ግን ሰሎሜን ነበር የሚያየው።

«ጅማ መብራት መጣ?» አላት።

«መጥቷል፣ ኦቦ ቲጃኒ።»

«ሂጂና የጅማውን ማሽን አንቺ ያዢው፤ ሳጥኗ ትብላ። ዛፌን የቆረጥኩት ለልጁ ብዬ ነው።»