ቆመው የተመለሱ ሽማግሌዎች

የቦንጋ ዝናብ ሰው አያስፈራም፤ መኪና ያስቀራል እንጂ። የዚያን ዕለት ወደ ደካ የሚሄደውን መኪና ያስቀረው እሱ ነው። ደካ ላይ የእንስሳት ሐኪም የሆነው ፍቅሩ ፍቅረኛውን ዝማሬን ሊያይ መጥቶ መመለሻ አጣ። ወንድሙ ቦንጋ በተከራያት ክፍል ዝናቡ እስኪያባራ ተጠለሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ተጠንቅቀው የኖሩ ሰዎች ናቸው። ዝናቡ አላባራም፤ ጥንቃቄውም በዚያው ቀረ።

ዝማሬ ገበያው አጠገብ ልብስ ስፌት ቤት አላት። የሰው ወገብ ስትለካ የምትውል ልጅ አሁን የራሷን ወገብ መለካት ጀመረች። የወር አበባዋ በቀኑ አልመጣም፤ ሳምንት አልፎትም የለም። ማርቲ የምትባል ጓደኛዋን ብታማክራት፣ «በማግስቱ ብትነግሪኝ ክኒን ነበረው። ግን እሱም ማህፀን ያደርቃል ይላሉ» ብላ ጭንቀቷን እጥፍ አደረገችው።

በመጨረሻ ለፍቅሩ ደወለች። ነገሩን ነገረችው።

«አለህ?»

«አለሁ። አትጨነቂ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ።»

እንዴት እንደሚያስተካክለው አልነገራትም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግን አጎቱ ጋሽ በዛብህ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው የወላጆቿን ደጅ ረገጡ። አባቷ ጋሽ ተድላ «ግቡ፣ ተቀመጡ» ቢሏቸው፣ ገቡና ቆሙ።

«የመጣንበት ሳይፈቀድልን አንቀመጥም» አሉ ጋሽ በዛብህ፣ የሚያማቸውን ጉልበት በእጃቸው ይዘው። ወጉ ነውና ጉልበት አይጠየቅም።

ዝማሬ ጓዳ ሆና ሰማች። ይህን ቀን ስትናፍቀው ኖራለች፤ ሲመጣ ግን ልቧ ቅዝቅዝ አለባት። ፍቅሩ የላካቸው ስለወደዳት ይሁን ስለፈራ አላወቀችም። ሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ተሰጥቷቸው ሲወጡ አባቷ ጠሯት።

«ምን እንበላቸው፣ ልጄ?»

«ለጊዜው ይመልሷቸው፣ አባባ።»

ጋሽ ተድላ ምክንያቱን አልጠየቁም። የመጀመሪያ ሽማግሌ መመለሱ ያለ ነው፤ ጎረቤትም ወግ ነው ብሎ አለፈው።

ፍቅሩ ግን አላለፈውም። የጠዋት መኪና ይዞ መጥቶ ስፌት ቤቷ በር ላይ ቆመ።

«ለምን መለስሻቸው?»

«የላክሃቸው ለሆዴ ነው፤ ለእኔ አይደለም።»

«ልዩነት አለው?»

«ለእኔ አለው። ተገዶ ነው ያገባኝ እያልኩ ማርጀት አልፈልግም።»

ፍቅሩ ወለሉ ላይ የወደቀ ቁራጭ ጨርቅ አንስቶ አጠፈው፤ ፈታው፤ መልሶ አጠፈው።

«መጀመሪያ እውነቱን እንወቅ» አለ በኋላ። «ላም ብትሆኚ እኔው እነግርሽ ነበር።»

ልትቆጣው ፈልጋ ሳቋ አመለጣት።

ቦንጋ ላይ የማያውቃት ስለሌለ ሺሺንዳ ሄዱ። እዚያ ጤና ጣቢያ የተቀበለቻቸው ሲስተር አስማ የምትባል ነርስ ናት። ጣታቸው ላይ የጋብቻ ቀለበት አልፈለገችም፤ ስለ ዝማሬ የወር አበባና ስለዚያ ዝናባማ ቀን ብቻ ጠይቃ ሽንቷን መረመረች።

«እርግዝና የለም» አለች በዝግታ። «ቀኑ ሳይደርስ ቢመረመሩት ያሳስታል፤ አሁን ግን ጊዜው አልፏል፣ ይታመናል። ለማንኛውም በሚቀጥለው ሳምንትም ካልመጣ ተመለሺ፣ ደግመን እናየዋለን።»

«ታዲያ ለምን ቀረ?»

«ጭንቀት ያዘገየዋል። ሕመምም፣ እንቅልፍ ማጣትም። አንዳንዴ ያለ ምንም ምክንያት ይዘገያል።»

«እኛ እኮ አንዴ ብቻ ነው» አለ ፍቅሩ አንገቱን ደፍቶ።

«አንዴም ይበቃል፣ ወንድሜ። ግን ፅንስ ሁሌ አይያዝም። ሁሌ ቢያዝማ ይቺ አገር አትበቃንም ነበር።» ወደ ዝማሬ ዞረች። «እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ቶሎ መምጣት ነው። ድንገተኛ መከላከያ አለ፤ ቶሎ በተወሰደ ቁጥር ይሻላል፣ ከአምስት ቀን ግን ማለፍ የለበትም።»

«ማህፀን ያደርቃል ይላሉ።»

«አያደርቅም። ስትፈልጊ ትወልጃለሽ።»

ዝማሬ አለቀሰች። ለስንት ጊዜ አምቃው የኖረችው እንባ ነው፤ ሲስተር አስማም እስኪወጣላት ጠበቀቻት።

ውጭ ሲወጡ የፍቅሩን ፊት አየችው። እፎይ ብሏል። እሷም እፎይ ብላለችና አልተቀየመችውም፤ ግን ፈራች።

«እንግዲህ ጋሽ በዛብህ ይረፉ» አለችው።

አየት አደረጋትና ወደ መናኸሪያው ቀድሟት ሄደ።

የወር አበባዋ ብዙ ሳይቆይ መጣ። ዝማሬም በዚያው ቦንጋ ጤና ጣቢያ፣ ከማንም ሳትደበቅ፣ የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ ጀመረች። ፍቅሩ እንደ ወትሮው ይደውላል፣ ይመጣል፣ ያጫውታታል፤ የሽማግሌ ነገር ግን አያነሳም። እሷም አትጠይቅም። ፍርሃቱ ሲሄድ ሽማግሌውም አብሮ የሄደ መሰላት፤ የሌላ ሰው የሙሽራ ልብስ እየሰፋች ብዙ ቀን ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ጥር ላይ ሰማዩ ጠራ። አንድ እሁድ ጋሽ በዛብህ እነዚያኑ ሁለት ሰዎች ይዘው መጡ። እንደገና ገቡ፤ እንደገና ቆሙ።

«ያኔ ልጁ በጣም ቸኩሎ ነበር አሉ» አሉ ጋሽ ተድላ። «ዛሬስ ምን አስቸኮለው?»

«እኔም ይህንኑ ጠየቅሁት» አሉ ጋሽ በዛብህ። «‹አሁን ምንም የሚያስቸኩለኝ ነገር የለም፤ የምልክዎትም ለዚህ ነው› አለኝ። እኔ አልገባኝም፤ እንዳለ አድርሻለሁ። የሚያስቸኩል ካለ የእኔ ጉልበት ነው።»

ጓዳ ውስጥ ዝማሬ ወንበር አነሳች። እናቷ እትዬ የሺሃረግ ነጠላዋን ይዘው ሊያስቀሯት እጃቸውን ቢዘረጉ አልደረሱባትም። የምትጠየቅ ልጅ እንዲህ ሽማግሌ ፊት አትወጣም። እሷ ግን ወጥታ ወንበሩን ከጋሽ በዛብህ ኋላ አኖረችው።

«ይቀመጡ፣ ጋሼ።»

ጋሽ በዛብህ ግራ ገብቷቸው ወደ ጋሽ ተድላ አዩ። ጋሽ ተድላ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«ተቀመጡ እንግዲህ» አሉ። «ባለጉዳይዋ ፈቅዳለች።»