ከአጥሩ ውስጥ የተሰማው ቃል

ሀይደር በብረት አጥሩ ውስጥ በጀርባው ተዘርሯል፤ እጁ መወልወያ ጨርቅ እንደጨበጠ ቀርቷል። አጠገቡ የመብራት ሠራተኞች «ስኒ» የሚሉት፣ የምሰሶ ሽቦ የሚሸከመው ሸክላ ቆሟል። ግማሹ ተወልውሎ ያበራል፣ ግማሹ አቧራ ለብሷል። ኢንስፔክተር ከይሪያ ጨርቁንና ስኒውን አየች።

በዚህ የኮምቦልቻ አዳራሽ ስኒ የሚፈተነው በሰው ሠራሽ መብረቅ ነው። ኃላፊው ኢንጂነር ደሳለው ለመናገር ቸኮለ።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ከአጥሩ የወጣ ሰው ‹አልሀምዱሊላህ› ይላል፤ ከግድግዳው ጀርባ ያለው ያኔ ቁልፉን ተጭኖ መብረቁን ይተኩሳል። ሀይደር ቃሉን ውስጥ ሆኖ አለው። ሞትን ፈልጎ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?»

ተኳሹ ሙባረክ የሟቹ አብሮ አደግ ነው። ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ ተናገረ።

«እኔ አልተኮስኩም። በመሣሪያው የብረት ኳሶች መካከል ያለው አየር በራሱ ተበሳ፤ መብረቁ ቁልፉን ሳልጫን ዘለለ።»

ዘበኛው ጋሽ ዳምጤ ግን «ቃሉን ሰምቻለሁ። ወዲያው ነው መብረቁ የጮኸው» አሉ።

ከይሪያ ወደ ደሴ ወጣች። ሆጤ ሰፈር፣ ለቅሶ ቤት፣ የሀይደር እናት እትዬ ዘሀራ እጇን ያዟት።

«ልጄ፣ ራሱን አጠፋ እያሉብኝ ነው። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ዓይኔን ይሸሻል። የሞተውስ ሞተ፤ ስሙን መልሺልኝ።»

«እትዬ፣ የሚያስቸግረው ነገር ነበር?»

«ምንም። አቧራ ብቻ። ቤት ስጠርግ እንኳ እያስነጠሰው ደጅ ይወጣ ነበር።»

በማግስቱ ከይሪያ እናቲቱን ይዛ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች። በዚያው የኳሶቹ ክፍተት፣ በዚያው ኃይል መሣሪያው እንዲሞላ አዘዘች። ቁልፉን ማንም አልነካም። ጠበቁ፤ አየሩ አልተበሳም።

«ስለዚህ የጫነ እጅ ነበር» አለች። «የአጥሩ በር ሲከፈት ደግሞ ኃይሉ መቋረጥ ነበረበት። ማቋረጫውን እንዳይሠራ በሽቦ ያሰረው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ደሳለው ድምፁ ወርዶ። «እየተሞላ ሳለ እንዲወለውሉ፣ ሥራው እንዳይጓተት ብዬ።»

«ሊሞት የገባ ሰው ስኒ አይወለውልም» አለች ከይሪያ። «አቧራው አፍንጫው ገባ። ሙባረክ፣ ሙስሊም ሲያስነጥሰው ምን ይላል?»

ሙባረክ ወደ ዘሀራ ዞረ።

«አልሀምዱሊላህ ይላል። ማስነጠሱን በመሣሪያው ጩኸት አልሰማሁም፤ ቃሉን ብቻ ሰማሁ። ወላሂ፣ የወጣ መስሎኝ ነው። ገደልኩት ማለት አቅቶኝ ዋሸሁ።»

ዘሀራ አልጮኹም።

«ላስነጠሰው ሰው ‹የርሀሙከላህ፣ አላህ ይዘንልህ› ይባላል» አሉ። «የመለሰለት ነበር?»

«ማንም አልመለሰለትም፣ እማ» አለ ሙባረክ።

ዘሀራ ወደ አጥሩ ተጠግተው ብረቱን ያዙ፤ በግማሽ ተወልውሎ የቀረውን ስኒ ብዙ አዩት።

«የርሀሙከላህ፣ ልጄ» አሉ።